ባልዲውን የተካው ሞጁል፦ በጽሑፍ ትእዛዝ መልእክት መላክና መቀበል

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ቀኑ ቁርጥ የለውም፤ ሰዓቱ ግን ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። እናቴ ለዓመታት ቧንቧውን ክፍት ትታ፣ ከሥሩ የቆርቆሮ ባልዲ ደፍታ ትተኛ ነበር። ውሃው ሲመጣ ባልዲው ይንጫጫል፣ እሷ ትነሣለች፣ ጀሪካን ይደረደራል። ባልዲው ካርድ አይሞላለትም፣ ባትሪ አይፈልግም፣ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፦ ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ የሚሰማው የለም።

በባልዲው ቦታ ያስገባሁት ሲም800ኤል የሚባለውን፣ ከክብሪት ሳጥን የሚያንስ የጂኤስኤም (የሞባይል ስልክ ኔትወርክ) ሞጁል ነው። ሲም ካርድ ይጎርሳል፤ ከኮምፒውተር ወይም ከአርዱኢኖ (ፕሮግራም ከሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) በሲሪያል መስመር፣ ማለትም ቁምፊዎች ተራ በተራ በሚያልፉበት ሽቦ፣ የጽሑፍ ትእዛዝ ይቀበላል፤ አጭር መልእክት ይልካል፣ የተላከለትንም አንብቦ ያቀብላል። ከዚህ በታች የማሳያችሁ ሞጁሉን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ ትእዛዙን በእጅ እየጻፉ መላክና መቀበልን ነው። ፕሮግራም መጻፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ብዙ ሰው ያለቀለት ኮድ ገልብጦ አርዱኢኖው ላይ ይጭንና አልሠራ ሲለው፣ ጥፋቱ የኮዱ ይሁን የሽቦው፣ የሲም ካርዱ ይሁን የባትሪው ሳያውቅ ሳምንት ያጠፋል። ሞጁሉ ግን ወሬኛ ነው። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ መልስ ይሰጣል፤ የጎደለውንም ብዙ ጊዜ ራሱ ይናገራል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። ሲም800ኤል የሚሠራው በ2ጂ ኔትወርክ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል፤ አሜሪካ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ለምሳሌ ኤቲ ኤንድ ቲ 2ጂውን የዘጋው እ.ኤ.አ. በ2017 መግቢያ ላይ ነው። 2ጂ በሌለበት አገር ኤ7670 የሚባለውን የ4ጂ ሞጁል ውሰዱ፤ የኃይል አሰጣጡ ይለያያል እንጂ የመልእክት ትእዛዞቹ በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው።

መጀመሪያ ኃይሉ

በዚህ ክፍል ላይ እረዝማለሁ፣ ምክንያቱም ከተበላሹ ሥራዎች አብዛኞቹ የሚበላሹት እዚህ ነው። የራሴን የመጀመሪያ ሞጁል «ተቃጥሏል» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ጥዬው ነበር። ምልክቱ ይህ ነው፦ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ኔትወርክ ሊይዝ ሲል ለአፍታ ይጠፋል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ቮልቱን በመለኪያ ስለካው 4 ቮልት ያሳያል። ምንም አልጎደለውም እላለሁ፤ ግን እየጎደለው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞጁሉ የሚፈልገው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ሲሆን የሚስማማው 4 ቮልት አካባቢ ነው። ከስልክ ኔትወርኩ ማማ ጋር ሲነጋገር በተከታታይ አይደለም የሚያስተላልፈው፤ በየ4.6 ሚሊ ሰከንዱ ለ0.577 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ይጮኻል። በዚያች ቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል። የኃይል ምንጩ ወይም ሽቦው ያን ካልቻለ ቮልቱ በቅጽበት ወርዶ ሞጁሉ ይዘጋል። ተራው መለኪያ አማካዩን ስለሚያሳይ መውረዱን አያይም። ስለዚህ መለኪያችሁን አትመኑት፤ ሞጁሉ ዳግም እየተነሣ ከሆነ ጥፋቱን መጀመሪያ ከኃይሉ ፈልጉ።

እኔ የተጠቀምኩት ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ የወጣ አንድ 18650 የሚባል ክብ የሊቲየም ባትሪ ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ በአማካይ 3.7 አካባቢ ስለሆነ በቀጥታ ይስማማል። ከሞጁሉ የኃይል እግሮች አጠገብ፣ ቪሲሲ (ፖዘቲቭ) ከሚለውና ጂኤንዲ (ግራውንድ፣ ማለትም ኔጌቲቭ) ከሚለው መካከል፣ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ ማለትም ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅም ክፍል፣ በይዱ። የካፓሲተሩ ነጭ መስመር ያለበት ወገን ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ጂኤንዲ ይሄዳል። ሽቦው አጭርና ወፈር ያለ ይሁን። ቀጫጭኖቹ የብሬድ ቦርድ (ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) ሽቦዎች ለመብራት ይበቃሉ፣ ለዚህ አይበቁም። ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ የሚመጣውን 5 ቮልት በቀጥታ አትስጡት፤ ቮልቱ ይበዛበታል፣ አምፒሩ ያንሰዋል።

ኃይል ከመስጠታችሁ በፊት አንቴናውን አያይዙ፣ ሲም ካርዱንም አስገቡ። ሲም ካርዱ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ስልክ ላይ ከትታችሁ ጥያቄውን አስቀድማችሁ አጥፉት።

ሽቦውን ማገናኘት

ኮምፒውተሩ ከሞጁሉ ጋር የሚያወራው በዩኤስቢ ሲሪያል አስማሚ ነው፤ ሲኤች340 ወይም ሲፒ2102 የሚል ቺፕ ያለበት ይሆናል። የአስማሚው ቲኤክስ (መላኪያ) ወደ ሞጁሉ አርኤክስዲ (መቀበያ)፣ የሞጁሉ ቲኤክስዲ ወደ አስማሚው አርኤክስ ይሄዳል፤ የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ ጋር ነው። የሁለቱ ግራውንድ የግድ ይገናኝ። የሞጁሉ የምልክት ቮልት 2.8 ስለሆነ፣ ከ3.3 ቮልት አስማሚ የሚመጣውን በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አሳልፉት፤ ከዚያ ከሞጁሉ አርኤክስዲ ወደ ግራውንድ 5.6 ኪሎ ኦም አድርጉ። ሒሳቡ ልክ 2.8 ይመጣል። 5 ቮልት የሚሰጥ አርዱኢኖ ከሆነ በሁለቱም ቦታ 10 ኪሎ ኦም አድርጉ፤ 2.5 ቮልት ይደርሰዋል፣ ለሞጁሉም ይበቃዋል።

ኃይል ስትሰጡት መብራቱ በየሰከንዱ ገደማ ብልጭ ካለ ኔትወርክ እየፈለገ ነው። በየሦስት ሰከንዱ አንዴ ማለት ሲጀምር ይዟል። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ከሆነ ሊቸገር ስለሚችል ወደ መስኮት አስጠጉት።

ትእዛዞቹን ስለማንበብ

ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እዚህ ግን፣ በስልክ ለጓደኛ እንደማስጻፍ፣ በየፊደላቸው ስም አስፍሬያቸዋለሁ። «ኤቲ+ሲኤምጂኤፍ=1» ስል ኤ፣ ቲ፣ የመደመር ምልክት፣ ሲ፣ ኤም፣ ጂ፣ ኤፍ፣ የእኩል ምልክት፣ አንድ ማለቴ ነው፤ በጠቅላላው ዘጠኝ ቁልፍ። ሁሉንም በትልቁ ፊደል፣ ያለ ክፍተት ጻፉ። የጥቅስ ምልክት ሲያጋጥማችሁ ቀጥ ያለውን የኪቦርድ ጥቅስ ተጠቀሙ። ከጽሑፍ ማቀናበሪያ የተገለበጠ ጎበጥ ያለ ጥቅስ ሞጁሉ አያውቅም፤ ሰውም ልዩነቱን ስለማያይ ስህተቱን ሲፈልግ ግማሽ ቀን ያጠፋል።

ሁሉም ትእዛዝ በ«ኤቲ» ይጀምራል። «አዳምጥ» እንደማለት ነው፤ ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣው የሄይስ ሞደም የተወረሰ ነው። ሞደሙ ከሙዚየም ገብቷል፣ አጠራሩ ግን እስከ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ባለው ስልክ ይሠራል።

የመጀመሪያው ሰላምታ

ኮምፒውተሩ ላይ ፑቲ የሚባለውን ወይም ሌላ የሲሪያል ተርሚናል ክፈቱ። ፍጥነቱን 9600 አድርጉ። «ኤቲ» ብላችሁ ኤንተር ተጫኑ። «ኦኬ» ካለ አፉም ጆሮውም ይሠራል። ሞጁሉ ፍጥነቱን የሚለየው ከዚህች ሰላምታ ስለሆነ በመጀመሪያው ዝም ቢል ሁለት ሦስቴ ድገሙለት። ያኔም ዝም ካለ ሁለቱ ሽቦዎች ተሳስተው እንደሆነ አቀያይሯቸው። ሲመልስ «ኤቲ+አይፒአር=9600»፣ ቀጥሎ «ኤቲ&ደብልዩ» በሉ፤ ፍጥነቱ ይጸናል።

አሁን ወሬኛነቱን እንጠቀምበት። «ኤቲ+ሲኤምኢኢ=2» ብትሉት ከዚህ በኋላ ሲሳሳት ደረቅ «ኤረር» ከማለት ምክንያቱን በቃላት ይጽፋል። ቀጥላችሁ ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁት።

«ኤቲ+ሲፒአይኤን?» — መልሱ «ሬዲ» ከሆነ ሲም ካርዱን አንብቦታል።

«ኤቲ+ሲኤስኪው» — የሲግናሉን ጉልበት ከ0 እስከ 31 ይነግራል። ከ10 በታች ከሆነ አንቴናውን አንቀሳቅሱ። 99 ማለት አላወቅኩትም ማለት ነው።

«ኤቲ+ሲአርኢጂ?» — ሁለት ቁጥር ይመልሳል፤ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። 1 ከሆነ ኔትወርኩ ተቀብሎታል፤ 2 ከሆነ ገና እየፈለገ ነው፤ 3 ከሆነ ተከልክሏል፣ ጉዳዩም ከሲም ካርዱ ጋር ነው።

እነዚህ ሦስቱ ሳይስተካከሉ ወደ መላክ ማለፍ ድካም ብቻ ነው።

መላክ

«ኤቲ+ሲኤምጂኤፍ=1» በሉት፤ በጽሑፍ ስልት እንነጋገር ማለት ነው። «ኦኬ» ሲል ተቀባዩን ንገሩት፦ ኤቲ+ሲኤምጂኤስ="+2519…"፤ በነጥቦቹ ቦታ የቀሩትን ስምንት አኃዞች አስገቡ። ኤንተር ስትጫኑ «ኦኬ» አይልም፤ የ> ምልክት አውጥቶ ይጠብቃል። ይህ ቦታ ብዙዎችን ያደናግራል። ሞጁሉ አሁን ትእዛዝ ሳይሆን የመልእክቱን ቃል ነው የሚጠብቀው፤ የምትጽፉት ሁሉ መልእክት ይሆናል። በላቲን ፊደል አጭር ነገር ጻፉና በኤንተር ሳይሆን በኮንትሮል ዜድ ጨርሱ። በቁጥር 26ኛው ቁምፊ ነው፤ አርዱኢኖ ላይ ይህንኑ ቁጥር ነው የምትልኩት። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ኢስኬፕ ትሰርዘዋለች።

ከዚያ ጠብቁ። ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፤ አንዳንዴ እስከ አንድ ደቂቃ። «+ሲኤምጂኤስ:» ብሎ አንድ ቁጥር ሲጽፍና «ኦኬ» ሲል መልእክቱ ሄዷል። ሞጁሉ የጠፋው እዚህ ላይ ከሆነ ስለ ኃይል የጻፍኩትን እንደገና አንብቡ።

በአማርኛ መላክ

እናቴ «ዋተር» የሚል መልእክት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢደርሳት ምን ታድርገው? መልእክቱ «ውሃ መጣ» እንዲል ፈለግኩ። ሞጁሉ የግዕዝ ፊደል በቀጥታ አይቀበልም፤ የእያንዳንዱን ፊደል የዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች መለያ ቁጥር የተሰጣቸው ሰንጠረዥ) ቁጥር በአራት አራት አኃዝ ጻፉልኝ ይላል። ቁጥሩን ከሰንጠረዥ መፈለግ ይቻላል፤ ነገር ግን የፊደል ገበታ የቆጠረ ሰው በጣቱም ይደርስበታል።

የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን የሚጀምረው ከ1200 ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት። አቆጣጠሩ በአሥራ ስድስት ቤት ስለሆነ ከ9 ቀጥሎ 10 አይባልም፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ይባላል። ሀ 1200 ከሆነ «ሃ» ራብዕ ነውና 1203 ይሆናል። መ 1218 ነው፤ ግዕዝ ስለሆነ እንዳለ ይወሰዳል። ጠ 1320 ነው፤ ራብዑ «ጣ» 1323። ወ 12ሲ8 ነው፤ «ው» ሳድስ ስለሆነ ከ8 ጀምራችሁ ቁጠሩ፦ 8፣ 9፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ስድስተኛው ዲ ነው፤ ስለዚህ «ው» 12ሲዲ ይሆናል። በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተት 0020 ነው። ሲገጣጠም፦

12ሲዲ1203002012181323

ይህ «ውሃ መጣ» ነው። ሲ እና ዲን በላቲን መጻፍ አትርሱ።

አላላኩ ሁለት ተጨማሪ ትእዛዝ አለው። መጀመሪያ «ኤቲ+ሲኤስኤምፒ=17,167,0,8»። መጨረሻ ላይ ያለው 8 መልእክቱ በዩኒኮድ መሆኑን ይናገራል። 167 ደግሞ የተቀባዩ ስልክ ከተዘጋ ኔትወርኩ ለምን ያህል ሰዓት ይሞክር የሚለው ነው፤ 24 ሰዓት ማለት ነው። ለውሃ ይህ አይሆንም። ከሄደ በኋላ «ውሃ መጣ» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ ከመናደድ በቀር ምን ታደርጉበታላችሁ? በ167 ቦታ 11 ካደረጋችሁ ሙከራው ከአንድ ሰዓት በኋላ ያበቃል። እኔ ያደረግኩት እንዲያ ነው።

ሁለተኛው ኤቲ+ሲኤስሲኤስ="ዩሲኤስ2" ነው። ይህን ካላችሁት በኋላ የስልክ ቁጥሩም በዚያው መንገድ መጻፍ አለበት፤ ወጥመዱ እዚህ ነው። የመደመር ምልክት 002ቢ ነው፤ አኃዞቹ ከ0030 እስከ 0039 ናቸው። ስለዚህ +2519 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር 002ቢ0032003500310039 ብሎ ይጀምራል። የቀረውን እንደዚሁ ቀጥሉ፣ ከ> ምልክቱ በኋላ የ«ውሃ መጣ»ን አኃዞች አስገቡ፣ በኮንትሮል ዜድ ዝጉ።

የአማርኛ መልእክት በአንድ ጊዜ የሚይዘው 70 ቁምፊ ነው፤ በላቲን 160 ይይዛል። ሰላምታና ምርቃት የምትጨምሩ ከሆነ ቁጠሩት። ስትጨርሱ ኤቲ+ሲኤስሲኤስ="ጂኤስኤም" እና «ኤቲ+ሲኤስኤምፒ=17,167,0,0» ብላችሁ ወደነበረበት መልሱት፤ ካልመለሳችሁት የሚመጣላችሁ ሁሉ በአኃዝ ተተርጉሞ ይቀርባል።

መቀበል

መልእክት ሲመጣ ሞጁሉ ወዲያው እንዲያቀብላችሁ «ኤቲ+ሲኤንኤምአይ=2,2,0,0,0» በሉት። ከዚያ ከስልካችሁ አንድ መልእክት ላኩለት። ስክሪኑ ላይ በ«+ሲኤምቲ:» የሚጀምር መስመር ይወጣል፤ ከሥሩ ደግሞ የመልእክቱ ቃል። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ያለ ነው፦

+ሲኤምቲ: "+2519…","","24/05/12,21:14:05+12"

ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ከዓመት ይጀምራል። 21:14 በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ14 ነው። የመጨረሻው +12 መጀመሪያ ሳየው ስህተት መስሎኝ ነበር፤ ኢትዮጵያ በሦስት ሰዓት እንጂ በአሥራ ሁለት አትቀድምም። ለካ የሚቆጠረው በሩብ ሰዓት ነው፤ አሥራ ሁለት ሩብ ሦስት ሰዓት ይሆናል።

የላኪው ቁጥር በ09 ሳይሆን በ+251 እንደሚጀምር አስተውሉ። ሞጁሉ በመልእክት ታዝዞ ፓምፕ የሚከፍት ከሆነ የላኪውን ቁጥር ሳታመሳክሩ አትታዘዙ፤ ለማመሳከር የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አኃዞች ውሰዱ። ያለዚያ ቁጥሩን በስህተት የነካ ሁሉ ፓምፓችሁን ያንቀሳቅሳል።

መልእክቱ ሲም ካርዱ ላይ ተቀምጦ ቆይቶ እንዲነበብ ከፈለጋችሁ በ2,2 ቦታ 2,1 አድርጉ። ያኔ ቃሉን ሳይሆን የተቀመጠበትን ተራ ቁጥር ብቻ ይነግራችኋል፤ «ኤቲ+ሲኤምጂአር=3» ብትሉ ሦስተኛውን ያነብባል፤ ኤቲ+ሲኤምጂኤል="ኤኤልኤል" ሁሉንም ይዘረዝራል። ሲም ካርድ ጥቂት መልእክት ብቻ ስለሚይዝ «ኤቲ+ሲኤምጂዲ=1,4» እያላችሁ ጥረጉት፤ ይህ ሁሉንም ያጠፋል፣ አያስጠነቅቅም። ሲሞላ አዲስ አይቀበልም፤ የማስታወቂያ መልእክት የሚበዛበት ሲም ካርድ ደግሞ ቶሎ ይሞላል።

ወደ አርዱኢኖ ሲዛወር

በእጅ የጻፋችሁትን ቅደም ተከተል ነው ፕሮግራሙም የሚደግመው። ልዩነቱ ሰው መልሱን ሳያይ አይቀጥልም፣ ፕሮግራም ግን ይቀጥላል። ብዙ የተገለበጡ ኮዶች ትእዛዝ ይልኩና አንድ ሰከንድ ቆጥረው ያልፋሉ፤ ኔትወርኩ የተጨናነቀ ቀን ይወድቃሉ። ሰከንድ አትቁጠሩ፤ «ኦኬ» ወይም «>» እስኪመጣ አንብቡ፣ ካልመጣ ደግሞ ተውና እንደገና ጀምሩ።

ሌላው የማስታወሻው መጠን ነው። አርዱኢኖ ኡኖ ላይ የሚለመደው ሶፍትዌር ሲሪያል (ከሞጁሉ የሚመጣውን የሚቀበለው ኮድ) በአንድ ጊዜ የሚይዘው 64 ቁምፊ ነው። 70 ፊደል ያለው የአማርኛ መልእክት በአኃዝ ሲመጣ 280 ይሆናል፤ ፕሮግራሙ እየቀዳ ካልሆነ ይፈስሳል። ስለዚህ ወደ ሞጁሉ የሚላከው ትእዛዝ አጭር ይሁን። እናቴ «1» ብላ ስትልክ ሮቶው መሙላቱን ወይም አለመሙላቱን ይመልስላታል። ለሰው አማርኛ፣ ለሞጁል አኃዝ።

የመጨረሻው ነገር ካርድ ነው። አንድ ሌሊት ሂሳቡ አልቆ መልእክቱ አልሄደም፤ እናቴን የቀሰቀሳት ከቧንቧው ሥር ያላነሣችው ባልዲ ነበር። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ካርድ ከሆነ ኤቲ+ሲዩኤስዲ=1,"*804#" ብትሉ ቀሪ ሂሳቡን ያመጣል። መልሱ ከ«ኦኬ» በኋላ ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ በ«+ሲዩኤስዲ:» ይጀምራል። በአኃዝ የመጣ እንደሆነ በ12 እና በ13 የሚጀምሩትን አራት አራት እያደረጋችሁ በፊደል ገበታው ቁጠሯቸው፤ 0030 እስከ 0039 ያሉት የብሩ መጠን ናቸው። ፕሮግራሙ ይህን በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ይጠይቅና ቁጥሩን ወደ እኔ ስልክ ይልካል።